ስለ ማንጎ ዝንብና ስለታዘዘው ርጭት ለዞናችን ግብርና መምሪያና ለምርምር ማዕከሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የዞናችን ግብርና መምሪያ ኃላፊ
ለተከበሩ የአካባቢያችን የግብርና ምርምር ማዕከል ዳይሬክተር
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የፍራፍሬ ዝንብ ወጥመዶች ተነስተው በማንጎ ማሳዎች ላይ የጅምላ ርጭት እንዲደረግ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድመን የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን።

እኛ በስምጥ ሸለቆ ማንጎና ዘይቱን፣ ጥቂቶቻችን ደግሞ ፓፓያና ጊሽጣ የምናመርት አርሶ አደሮች ነን። ለዚህ የምርት ዘመን በወረዳ በኩል የደረሰን ደብዳቤ ሁለት ነገር ያዝዛል። በየማሳችን ተሰቅለው የነበሩት የዝንብ ወጥመዶች «የጥናቱ ጊዜ ስላበቃ» እንዲነሱ፣ ከዚያም እያንዳንዱ አምራች ማላታይን ለተባለው የተባይ መርዝ መግዣ አዋጥቶ የማንጎ ዛፉን ከጫፍ እስከ ግርጌ እንዲያስረጭ። ያላስረጨ ምርቱን በማኅበሩ ሚዛን አያስመዝንም ይላል። በስብሰባ አንብበን መክረንበታል፣ በቃልም አመልክተናል። «ወደ በላይ እናደርሳለን» ተብለን ቀረን። የለቀማው ጊዜ እየቀረበ ስለሆነ በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል።

አሳባችንን ባጭሩ እናስቀምጠው። የታዘዘው ርጭት ዝንቧ ያለችበት ቦታ አይደርስም፤ የምትገኝበትን ቦታና ሰዓት የሚነግረን ክትትል ደግሞ ይቁም ተብሏል።

ርጭቱ ባለፈው ዓመት በሁለት ቀበሌ ለሙከራ ተጀምሮ ነበር። አንዲት አባላችን የታዘዘችውን ዙር ሳታጓድል አስረጭታለች። በለቀማው ቀን ነጋዴው አይሱዙውን ደጇ ላይ አቁሞ ከክምሩ አንድ ማንጎ አነሳና በሴንጢ ከፈለው። ልጣጩ ቢጫ፣ ሽታው ደኅና ነበር። በአንድ ጎኑ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ፣ ከነጥቧ ሥር ደግሞ የደረቀች ሙጫ ጠብታ ካልሆነ በቀር እንከን የለውም። ውስጡ ግን ከዘሩ አጠገብ ቡናማ ሆኖ ረግቧል፣ ነጫጭ ትሎችም ይርመሰመሱበታል። ሁለተኛውን ከፈለ፣ ያው ነው። ሦስተኛውን አልከፈለም፤ ሾፌሩን «አስነሳ» አለው።

ያ እንዴት ሆነ? መልሱ በዝንቧ አኗኗር ውስጥ ነው። ለኃላፊዎቹ አዲስ ነገር እንደማንነግር እናውቃለን፤ ግን ውሳኔው ይህንን ያሰበ አይመስልም። ሴቷ በሆዷ ጫፍ ባለው መውጊያ ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ትደብቃለች። በሁለት በሦስት ቀን ትሉ ይፈለፈልና ሥጋውን እየበላ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲያድግ ፍሬውን ለቅቆ ይወጣል፤ አፉንና ጭራውን ገጥሞ ራሱን በማስፈንጠር መሬት ላይ ይንቀሳቀሳል። ያላየ ሰው አያምንም፤ የተቆረጠ ማንጎ ሳህን ላይ ትቶ መጠበቅ ይበቃል። ከዚያ ጥቂት ጣት ያህል አፈር ውስጥ ገብቶ ቡናማ ጠንካራ ቅርፊት ይለብሳል፣ ከሳምንት በላይ ቆይቶም ክንፍ አውጥቶ ብቅ ይላል። በቆላ ሙቀት ሙሉ ዙሩ ሦስት አራት ሳምንት ቢፈጅ ነው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ከ1000 በላይ እንቁላል መጣል ትችላለች።

እንግዲህ ቅጠል ላይ የሚረጨው ማላታይን እንቁላሉን ልጣጩ ከልሎበታል፣ ትሉን ሥጋው ሸፍኖበታል፣ አፈር ውስጥ ያለውንም አያገኘውም። የሚያገኘው የበረረውን ዝንብ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ ማንጎው ላይ አይውልም። የጎረቤት ቁጥቋጦ ውስጥ ያርፋል፣ ሌላ ዛፍ ላይ ይመገባል። ወንድና ሴት የሚገናኙት ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ረጪዎቹ በዚያ ሰዓት መርጫቸውን አጥበው ቤታቸው ገብተዋል። አንዱ ማሳ ተረጭቶ ቀጥሎ ያለው ካልተረጨ ደግሞ ዝንቧ ድንበር አታውቅም።

ሴቷ የምትደረስበት አንድ ጊዜ ግን አለ። ከአፈር እንደወጣች እንቁላል መጣል አትችልም። እንቁላሏ እንዲበስል ፕሮቲን መብላት አለባት፤ ለዚህም ሳምንትና ከዚያ በላይ የወፍ ኩስና ቅጠል ላይ የሚበቅሉ ባክቴሪያዎችን ስትፈልግ ትከርማለች። በዚያ ጊዜ ርቧታል፤ የፕሮቲን ሽታ ከሩቅ ይጠራታል። የፕሮቲን ማጥመጃ ምግብ የሚባለው ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ረሃብ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ስፒኖሳድ ከተባለ ሌላ የተባይ መርዝ ወይም ከጥቂት ማላታይን ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ዛፍ ላይ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ አንድ ካሬ ሜትር በምታህል ቦታ፣ ከቅጠሉ በታችኛው ገጽ ላይ በየሳምንቱ ይረጫል። ፍሬው አይነካም። ለአንድ ትልቅ ዛፍ በታዘዘው የጅምላ ርጭት የሚፈሰው ብዙ ሊትር ነው። ሂሳቡን እናንተ ከኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ይህ ዘዴ በእኛ አካባቢም ከሁለት ዓመት በፊት መጥቶ ነበር። የመጣው ግን ለቀማው ካለቀ በኋላ ነው። ካርቶኖቹ በቀበሌ መጋዘን ከርመው በሚቀጥለው ዓመት ሲከፈቱ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው አልፏል ተባልን። ከዚያም ሪፖርቱ ላይ «አርሶ አደሩ ቴክኖሎጂውን አልተቀበለም» ተብሎ ተጻፈ። ይህ አረፍተ ነገር እንዲታረም እንፈልጋለን።

ስለ ወጥመዱ ደግሞ በደንብ መነጋገር አለብን፤ ምክንያቱም ዛሬ የምንሰማው «ወጥመዱ ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ምን ለወጠ?» የሚል ነው።

የተሰቀለልን ሜቲል ዩጂኖል የተባለ ማማለያ የያዘ ወጥመድ ነበር። የዚህ ሽታ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ሃውሌት የተባለ በሕንድ አገር የሚሠራ የነፍሳት ተመራማሪ የሲትሮኔላ ዘይት የፍራፍሬ ዝንቦችን እንደሚጠራ በ1912 ጻፈ (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1915 ደግሞ ሜቲል ዩጂኖልን ለይቶ አወጣ። የሚገርመው ሽታው የሚጠራቸው ወንዶቹን ብቻ ነው። ፍሬያችንን የምትወጋዋ ሴቷ ዘወር ብላ አታየውም። ስለዚህ በሰፊ ማሳ አንድ ወጥመድ መስቀል ዝንቡ መኖሩንና መብዛቱን ይነግራል እንጂ ፍሬውን አያድንም። አባሎቻችን ግን ወጥመዱን ሲረከቡ «ይህ ማንጎህን ይጠብቅልሃል» ተብለዋል። ማንጎው ሲተላ በወጥመዱ ተስፋ ቆረጡ፣ አንዳንዱም አውርዶ ዕቃ መያዣ አደረገው። አንፈርድባቸውም።

በዚሁ ማማለያ ዝንብ ማጥፋት አይቻልም እያልን አይደለም። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባለችው ሮታ ደሴት በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስታይነር የሚመራ የአሜሪካ ቡድን ማማለያውንና ናሌድ የተባለ መርዝ ያጠጣቸውን ቁራጮች ከአውሮፕላን ደጋግሞ በመበተን ይህንኑ ዝንብ ከደሴቲቱ አጥፍቷል። ጃፓንም በ1980ዎቹ አጋማሽ ከደቡብ ደሴቶቿ በዚሁ መንገድ አስወግዳዋለች። እነዚያ ግን በባሕር የተከበቡ ቦታዎች ናቸው፤ መላው መሬት በአንድ ጊዜ ተሸፍኗል። አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚገናኝ ከመቶው ዘጠናው ቢሞት እንኳ የተረፉት አሥሩ ይበቃሉ። እኛ ዘንድ ከመቶው ምን ያህሉ እንደሚሞት ያሰላ የለም።

ከዚህ የባሰም ተደርጓል። ባለፈው ዓመት ወጥመዶቹ ሲያንሱ ለአንዳንድ ማሳዎች ማማለያው በጥጥ ላይ ተንጠባጥቦ ብቻውን ቅርንጫፍ ላይ እንዲታሰር ተደረገ። መግደያው «በኋላ ይመጣል» ተባለ፣ አልመጣም። ቶድ ሼሊ የተባሉ በሃዋይ የሚሠሩ ተመራማሪ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደጋግመው እንዳሳዩት ሜቲል ዩጂኖል የበላ ወንድ ዝንብ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሴቶች አብልጠው ይመርጡታል። ስለዚህ መርዝ የሌለበት ጥጥ ማሰር ወንዱን ለሠርጉ ሽቶ እንደመቀባት ነው። ይህን የዝንቡን ጠባይ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ቢጠየቅ ኖሮ ጥጡ ባልታሰረ ነበር።

ለምርምር ማዕከሉ የምናቀርበው ቅሬታ የተለየ ነው። በወጥመድ ጥናቱ መጨረሻ በተደረገ ገለጻ ላይ በማሳችን ያለው ዝርያ ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ብቻ እንደሆነ ተነገረን። ይህ ዝንብ ከእስያ የመጣ ነው፤ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው በ2003 በኬንያ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰሃራ በታች ባሉ ከ30 በላይ አገሮች ተዛምቷል፣ የእኛም አገር ከእነሱ አንዷ ናት። መጀመሪያ እንደ አዲስ ዝርያ ኢንቫደንስ ተብሎ ነበር፤ በ2015 ከዶርሳሊስ ጋር አንድ እንደሆነ ተወሰነ። መብዛቱን አንክድም። በደቡብ ኬንያ ንጉሩማን በተባለው የማንጎ አካባቢ ሴራቲቲስ ኮሲራ የተባለውን ነባር የፍራፍሬ ዝንብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቦታው እንዳስለቀቀው ተመዝግቧል። ነገር ግን ነባሮቹ ሴራቲቲሶች ወደ ሜቲል ዩጂኖል አይመጡም። ለኮሲራ ተርፒኒል አሲቴት፣ ከሴራቲቲሶች አንዱ ለሆነው የሜዲትራኒያን ዝንብ ደግሞ ትራይሜድሉር የተባሉ ሌሎች ማማለያዎች ያስፈልጋሉ። በአንድ ዓይነት ማማለያ ብቻ ለቅሞ «ሌላ የለም» ማለት እንዴት ይቻላል? ከተለቀመ ፍሬ ትሉን አሳድጎ ዝንቡን ማየት ቀላሉ ማረጋገጫ ነበር፤ አባሎቻችንም ፍሬ ለመስጠት ጠይቀው ነበር። የሜዲትራኒያኑ ዝንብ ቡናም ስለሚያጠቃ ጉዳዩ ከማንጎ አልፎ ይሄዳል።

የተቆጠረውም ቢሆን ለኛ አልተመለሰም። በየሳምንቱ ወጥመድ እያወረድን፣ የሞቱትን ዝንቦች በወረቀት ላይ ዘርግተን፣ በብልቃጥ እያሸግን ያስረከብነው እኛው ነን። የበልጉ ዝናብ ሲገባ ቁጥሩ የት ማሳ ላይ ቀድሞ እንደሚነሳ ማወቅ የፈለግነው ማጥመጃ ምግቡን መቼ እንደምንጀምር ለመወሰን ነበር። መልሱ በእንግሊዝኛ ታትሟል ተባልን። ለኛ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃን ነበር።

የወደቀ ፍሬን በሚመለከት መምሪያው ያዘዘው የጽዳት ዘመቻ በአሳብ ደረጃ ትክክል ነው። አፈጻጸሙ ግን ጉዳቱን አባብሶታል። ከየማሳው የተሰበሰበው የተላ ማንጎ በጋሪ እየተጫነ በመስኖ ቦዩ ዳር ተከመረ። ክምሩ ለሪፖርት ፎቶ ተነሳ፣ ከዚያ ማንም አልተመለሰበትም። ከሳምንት በኋላ የክምሩን ጠርዝ በእንጨት የገለጥን ሰዎች ከሥሩ ያለው እርጥብ አፈር ቡናማ ቅርፊቶች የተዘሩበት መስሎ አግኝተነዋል። በየማሳው ተበታትኖ የነበረው ዝንብ አንድ ቦታ ተፈልፍሎ ከቦዩ ግራና ቀኝ ባሉ ማሳዎች ላይ ወጣ። ፍሬው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ መቀበር፣ ያም ካልተቻለ በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጎ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ነበረበት። በሃዋይ የወደቀውን ፍሬ በድንኳን ያስቀምጡታል። የድንኳኑ ወንፊት ዝንቡን ያስቀራል፣ ዝንቡን የሚገድሉትን ጥቃቅን ተርቦች ግን ያሳልፋል። ይህ ሸማ የመሰለ ጨርቅና ጥቂት እንጨት የሚጠይቅ ነገር ነው።

የዘይቱን ዛፎች ይቆረጡ የሚለው የቃል ትእዛዝም ግራ አጋብቶናል። ዘይቱን ዝንቡ አጥብቆ የሚወደው ፍሬ መሆኑ፣ ማንጎ በሌለበት ወቅትም እንደሚያቆየው እውነት ነው። ነገር ግን የአጥር ዘይቱን የሴቶቻችን የገበያ ብር ነው። ቆርጦ ከመጣል በፊት ፍሬውን ቶሎ ቶሎ መልቀምና የማጥመጃ ምግቡን ቀድሞ እዚያ ላይ መጀመር ይቻላል፤ ዝንቡ የሚከርምበትን ዛፍ ማወቅ ለኛ ጥቅም ነው። በአንድ ቀበሌ ዘይቱኑ ተቆርጦ የተላው ማንጎ ግን ቦዩ ዳር እንደተከመረ ነው። ቅደም ተከተሉን ማን እንዳወጣው አናውቅም።

ንብ አናቢዎቻችን በሙከራው ርጭት ማግስት ቀፎ ደጅ ላይ የሞተ ንብ በእፍኝ ጠርገዋል። ካሳ ቀርቶ መጥቶ ያየ ባለሙያ የለም። ገበያ ሲደርስ ተረጭቶ በማግስቱ የሚለቀም ማንጎ ጭማቂ ቤት ገብቶ ልጆች እንደሚጠጡትም ታውቃላችሁ።

አንዳንድ አባሎቻችን «የቆላ ዝንብን በአውሮፕላን እንደበተኑት ለምን የማንጎውን አያደርጉም?» ይላሉ። በደቡባዊው ስምጥ ሸለቆ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈውን ገንዲ የተባለ የከብት በሽታ ለመከላከል ቃሊቲ ውስጥ ተራብተው በጨረር የመከኑ ወንድ የቆላ ዝንቦች ተለቅቀዋልና ጥያቄው ከመሬት የተነሳ አይደለም። እኛ ግን ዛሬ ይህን አንጠይቅም። መካን ዝንብ የሚሠራው አስቀድሞ የዱሩ ቁጥር በሌላ ዘዴ ሲወርድ ነው፤ ፋብሪካውም ያለማቋረጥ ዝንብ ማምረት አለበት። የወደቀ ማንጎ መቅበር ያቃተው አሠራር ወደዚያ ቢዘል ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እንጠይቃለን።

የጅምላ ርጭቱ ትእዛዝና «ያላስረጨ አያስመዝንም» የሚለው ቅጣት ከዋናው ለቀማ በፊት በጽሑፍ ይሻርልን። ለማላታይን የሚዋጣው ገንዘብ ለፕሮቲን ማጥመጃ ምግብ ይዛወር፤ ምግቡም ፍሬው መብሰል ከመጀመሩ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ በእጃችን ይግባ። ከውጭ የሚመጣው ውድ ከሆነ ከቢራ ፋብሪካ ከሚወጣ የእርሾ ተረፈ ምርት ማዘጋጀት ይቻላል። ቶንጋ፣ ቬትናምና ኬንያ ሠርተውታል፤ የቢራ ፋብሪካ እኛም አገር አላጣንም። ምርምር ማዕከሉ አንድ ሙከራ እንዲጀምር፣ እኛም ማሳ እንድንሰጥ ዝግጁ ነን።

ወጥመዶቹ እንዳይነሱ፤ በተለያዩ ማማለያዎችና በፕሮቲን የሚሠሩም እንዲጨመሩ። የየሳምንቱ ቆጠራ በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ይለጠፍ። ያለፉት ሁለት ዓመታት ውጤት በአንድ ስብሰባ በቃል ይነገረን፤ «አርሶ አደሩ አልተቀበለም» የሚለውም ከሪፖርቱ ይውጣ።

ለፍሬ መቅበሪያ ጉድጓድ የጉልበት ሥራውን ማኅበሩ ይችላል። ከመምሪያው የምንፈልገው ጥቁር ፕላስቲክና በቦዩ ዳር ያለውን ክምር የሚያስነሳ አንድ ትራክተር ነው። ይህኛው ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ በዚህ ወር ቢፈጸም ደስ ይለናል።

ምርምር ማዕከሉ የዝንቡን እንቁላል እያጠቃች የምትራባውን ፎፒየስ አሪሳነስ የተባለች ጥቃቅን ተርብ በተመለከተ ናይሮቢ ካለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ጋር ይነጋገር። ተርቧ ከሃዋይ ወደ ኬንያ መጥታለች፤ የናይሮቢው ማዕከልም አዲስ አበባ ቢሮ አለው። ማሳችን በማላታይን ከታጠበ በኋላ ግን ተርቧ ብትመጣም አትኖርም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ቀድሞ ቢመለስ ይሻላል።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አድራሻ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩን የቆጠራ መዝገባችንንና በብልቃጥ ያስቀመጥናቸውን ዝንቦች ይዘን እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር

የማንጎና ዘይቱን አምራች አርሶ አደሮች ማኅበር
የእፅዋት ጥበቃ ኮሚቴ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት
ለየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኞች
ለንብ አናቢዎች ማኅበር